አትንኩ

ሐደራ፣ ባሕር ዛፉ ጥቅጥቅ ካለበት፣
የእንግሊዝ ሹም ቤት አለ፣ ዛሬ ሰው የማያድርበት።
ጣራው ቀይ ሸክላ ነው፣ መዝጊያው አረንጓዴ፤
ቁልፉ በእኔ እጅ ነው፤ ይገርመኛል አንዳንዴ።

ጠዋት እገባለሁ፣ በአንድ ሰዓት በእኛ፣ በሰባት በእነሱ፤
ሰም እቀባለሁ፣ የእንጨቱ ሁሉ ምሱ።
ደረቴ ላይ የተሰካው ስም «ዘሃቫ» ይላል፤
ወርቅያ ነበርኩ። መዝጋቢዋ ተርጉማው ነው፤ ትርጉሙስ ልክ ይመስላል፤
ብቻ ወርቁ መዝገብ ውስጥ ገብቶ፣ ሰሙ እጄ ላይ ቀርቷል።

የመጀመሪያ ቀን ከደፉ ቆሜ፣ ልማድ ነውና አመለጠኝ፤
«ቤት ለእንቦሳ!» አልኩ። የሚመልስ ጠፋ፤ ግድግዳው ዝም አለኝ።
ኃላፊዬ ኦስናት «ምን አልሽ?» ብላ ወረቀት ሰጠችኝ፦
አልጋው ላይ አትቀመጪ። ፒያኖውን በደረቅ ጨርቅ።
ወንበሩ ላይ ያለው «አትንኩ» የሚል ምልክት እንዳይወድቅ።

አንድ ሰው ሲሄድ ስንት ዕቃ ይተዋል?
የቡሽ ቆብ። የብርቱካን ሚዛን።
የወባ ኪኒን፣ ግማሹ ያልተዋጠ፤
ለእናቱ ጀምሮት የተወው ደብዳቤ፣
ሁሉም ቁጥር ይዞ በመስታወት ተቀመጠ።
መቶ አሥራ አንድ፦ የቡትስ ማውለቂያ።
መቶ አሥራ ሁለት፦ የዝንብ መግደያ።
የዝንብ መግደያ! እኔ ከእናቴ ቤት ይዤ የወጣሁት
አንድ ነጠላና አንድ ማንኪያ፤ ማንኪያውንም ሱዳን ጠረፍ ሸጥኩት።

አትክልቱ ግን ሙዚየም መሆኑን አልሰማም።
ጃስሚኑ አጥር ይዘላል፣ ሎሚው ሳይፈቀድለት ያፈራል፤
ባሕር ዛፉ ሲሻው ልብሱን አውልቆ ይጥላል።
ረግረጉን ጠጥቶ ያደረቀ እሱ ነው ይላሉ።
እኛም አገር ያው ነው፦ ባሕር ተሻግሮ መጣ፣ መንገዱ ስሙ ሆነ፤
መጤ ነው ሲሉት፣ ሲቆርጡት፣ ከጉቶው እየበቀለ ባላገር ሆነ።

በጥቅምት፣ አንድ ማክሰኞ፣ ጎብኚ በሌለበት ሰዓት፣
ከጅስር አል-ዘርቃ አሮጊት መጣች፣ የልጅ ልጇ ክንዷን ይዟት።
ኑዝሃ ነው ስሟ። ትኬቷን ሙሉ ከፈለች።
ከደፉ ላይ ስትደርስ አንዲት ቃል አጉረመረመች፤
ዓረብኛ አላውቅም። አፌ ግን «እንቦሳ እሰሩ» ብሎ መለሰ፤
ለምን እንደሆነ እንጃ።

ሳሎኑን አላየች፣ ፒያኖውን አላየች፤
መሪ ሳትሻ ወደ ወጥ ቤት አቀናች፤
የጓዳውን መቃን፣ ጎንበስ ብላ፣ በጣቷ ዳበሰች።
«ይኸው» አለች በዕብራይስጥ። «እናቴ ልብሳቸውን ስታጥብ፣
ወጥ ሠሪው በቢላ ይለካኝ ነበር፣ ስንት አደግሽ እያለ።
ይሄ አምስት ዓመቴ። ይሄ ስድስት። ይሄኛው ሰባት።
ስምንት የለም።»

ስምንት ለምን እንደሌለ አልጠየቅኋትም።
እኔም ያላደግሁበት መቃን አለኝ፤
የት ጋ እንደሚያቆም አውቀዋለሁ።

መዝገቡ ስለዚያ ቦታ የሚለው ይህን ነው፦
«መቃን፣ ምስጥ የበላው። በእድሳት ይደፈን።»
በጨርቄ ስንቴ እንዳለፍኩበት ቤት ይቁጠረው!
አንድ ሎሚ ቀጠፍኩላት። ክልክል ነው።
አሸተተችው፤ ከጉያዋ ወሸቀችው።

በማግስቱ ቀለም ቀቢው ባልዲውን አንጠልጥሎ ሲመጣ፣
እኔ ቀድሜው ነበር፤ ገና ፀሐይ ሳትወጣ
ከሹሙ ወንበር «አትንኩ»ን አንስቼ
መቃኑ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ከሦስቱ ጭረት ከፍ አድርጌ፣
ስምንት ሊሆን በሚችልበት ቁመት ገምቼ።
አየው። አየኝ።
«ማን አዘዘ?»
«ተጽፏል» አልኩት።
ባልዲውን አንስቶ ወደ መስኮቶቹ ሄደ።

ወንበሩ ከልካይ አጥቶ ቀረ።
እግሬን ያመኝ ነበር፤ ተቀመጥኩ።
ለካ ይቆረቁራል።