ያንቺ

ኛሉሃንጋ ይሏታል፤ የሉሃንጋ ልጅ።
ሃያ ሁለት ክረምት በሃራዋ ደጅ
ጎንበስ ብላ ውላ፣ ጎንበስ ብላ አምሽታ፣
ስሟ ዛሬም ድረስ በአባቷ ይጠራል፣
እንደ መጣች እንግዳ፣ ትናንት ወደ ማታ።

ነሐሴ በኛ አገር ደረቅ ነው፤ ወንዙ ቀጥኖ
እንደ በግ አንጀት አሸዋው ላይ ተጋድሞ፣
እሷ ጎህ ሳይቀድ በሁለት ባልዲ
የትምባሆ ችግኝ ታጠጣለች፤
አንዱ ልጅ ጀርባዋ ላይ፣ አንዱ ሆዷ ውስጥ፣
እኔ ከኋላ፣ ጣሳ ይዤ።

ዝናብ ሲመጣ መትከል። አበባው ሲወጣ መቅጠፍ።
ቅጠሉ ሙጫውን ጣቷ ላይ ያራግፋል፤
ጥቁር ሙጫ፣ ሳሙና የማያስለቅቀው፣
ንሲማ ስታጎርሰኝ አፌን የሚመረኝ።
ብዙ ዘመን፣ የእናት እጅ
ጣዕሙ መራራ ነው ብዬ አምን ነበር።

አባቴ ክፉ ሰው አይደለም። ይህ ይያዝልኝ።
ምሰሶ ይቆርጣል፣ የማድረቂያውን ጎጆ ያቆማል፣
ለሬዲዮኑ ድንጋይ ይገዛል፤
«ማሳዬ» ይላል፣ «ትምባሆዬ» ይላል፣ «ዘንድሮስ ደከመኝ» ይላል።
ጭነቱ መኪና ላይ ሲወጣ
ጃኬቱን ለብሶ ከሾፌሩ ጎን ይቀመጣል፤
ምዙዙ፣ ጨረታው አዳራሽ፣
ገንዘቡ በስሙ በወጣ ደብተር ይገባል።
አንድ ዓመት ብስክሌት ይዞ መጣ።
አንድ ዓመት ለእናቴ ሁለት ክንድ ጨርቅ።
አንድ ዓመት አሥራ ሰባት ቀን ቆይቶ ባዶ እጁን፣
ሸሚዙ የማናውቀውን ሽቶ ይሸታል፤
እናቴ አጠበችው። በአመድ። ሁለት ጊዜ።

ዘንድሮ ግን፣ በጨለማው ጎጆ ቅጠል ስትለይ፣
ማሰሪያ አልቆባት ይሁን ወይ ሌላ ነገር አስባ
(ጠይቄያለሁ፤ መልሳልኝ አታውቅም)
ከቀሚሷ ጫፍ ቀይ ብጣሽ ቀደደች፣
አንዱን ነዶ አስራ ከጥቅሉ መሃል ከተተች።

አሥር ሄደው ዘጠኙ ተሸጡ። አንዱ ተመለሰ፣
ሆዱ በቢላ ተቀዶ፣ ወረቀት ተለጥፎበት።
«ሱዝጎ፣ አንብቢ» አለኝ አባቴ።
ስሜ መከራ ማለት ነው፤ ያነበብኩትም ያው፦
ባዕድ ነገር ተገኝቶበታል፤ አይሸጥም።

ባዕድ ነገር።
እናቴ ብጣሹን አየች፣ ቀሚሷን አየች።
አባቴ ጥቅሉን በእግሩ ገፋው፦
«ይኸው፣ ያንቺ ነው! ያንቺ!»
እናቱ ሰማች፣ ወንድሞቹ ሰሙ፣
ከአጥር ማዶ የማኅበሩ ጸሐፊ ሰማ።

ሃያ ሁለት ክረምት
ያቺ ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም።

አልተጣላችም። ጥቅሉን ፈታች፣
ብጣሹን አጥፋ ጉያዋ ከተተች፣
ሌሊቱን ቅጠል ስታስተካክል አደረች።
ሩምፊ የሚመጣ ነጋዴ አለ አሉ፣ ወረቀት የማይጠይቅ።
ሲነጋ ብስክሌቱ ላይ ጫነችው፣ እኔ ከኋላ ደገፍኩ።

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ፦ «የት ልትወስጂው ነው?»
«ምኑን?»
«ትምባሆዬን።»
እናቴ ጎማውን በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤ አየር አንሶታል።
«የማንን አልክ?»

አፉን ከፈተ።
ዶሮዎቹ በመሃላችን አለፉ።
«ሱዝጎ» አለች እናቴ፣ «ፓምፑን አምጪ።»