ለአበባው ያጠጣሁት

በየዓመቱ፣ በዶሮታ የስም ቀን፣ በረዶ ደጁን ሲዘጋ፣
ቢያሊስቶክ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሳሎኑን ከሞላው ገበታ ጋ፣
አጎቴ ሴቬሪን ሦስተኛዋን መለኪያ ይጨልጣል፣
ጢሙን በእጁ ጀርባ ይጠርግና
«ያን ጊዜ የት ነበራችሁ?» ይላል።

«ያን ጊዜ» ብቻ። ቼርኖቢል ብሎ የሚጠራው የለም።
እንደ ሰካራም ዘመድ ስሙን ዘለን እናልፋለን፤
ስለ ምን እንደምናወራ ግን ማንም አይሳሳትም።

አክስቴ ግራዢና ትቀድማለች፤ ተራዋን ማን ደፍሮ ይነካል፦
«እኔ ከጓሮዬ ነበርኩ፣ ጎንበስ ብዬ፣
እምቧጮ የመሰለ፣ ጥርስ የሚያጠርስ ቅጠል ስለቅም፤
ፀሐይዋ ደግሞ! ጀርባዬን እንደ እናት እጅ ስታሻሸኝ!
ማታ ሾርባ ሠራሁላችሁ። ጣታችሁን ላሳችሁ። ደገማችሁ።»
«ደገማችሁ» ላይ ስትደርስ
ማንኪያዋን አንስታ መልሳ ታስቀምጣለች።
በየዓመቱ እዚያው ላይ።

አጎቴ ግን «ምን ፀሐይ!» ይላል፤
«እኔ የሠራተኞች ቀን ሰልፍ ላይ ነበርኩ፣
የፋብሪካውን ባንዲራ ተሸክሜ፣ ዝናቡ ከአናቴ እስከ ካልሲዬ፤
ቀዩ ቀለም ለቅቆ ሸሚዜ ላይ ወረደ።»
«ዝናብ? ሕልምህን ነው የምታወራው!»
«አንቺ የሌላ ዓመት ፀሐይ ነው የምትሞቂው!»
እንዲህ እንደተሟገቱ ፀጉራቸው ነጣ፤
አንድ ሰማይ፣ ሁለት ምስክር፣ ዳኛ እስካሁን አልመጣ።
የእሷ እሁድ፣ የእሱ ሐሙስ መሆኑን ልነግራቸው አስብና
ሙግታቸውን እንዳልቀማቸው ዝም እላለሁ።

እኔን የሚከነክነኝ ቅዳሜ ነው።
ነገሩ የሆነው ቅዳሜ፣ ገና ሳይነጋ፤
ወሬው እኛ ጋ ሲደርስ ሳምንቱ ሊጋመስ።
በመሃሉ ያሉት ቀኖች የማንም አልነበሩም፤
አባቴ በረንዳ ላይ የብስክሌት ጎማ ሳፋ ውስጥ ነክሮ
አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ ይፈልጋል፣
እናቴ አንሶላ ታሰጣለች፣
እኔ አሸዋ ውስጥ እስከ ክርኔ ገብቼ ዋሻ እቆፍራለሁ።
«ይህን ያዙ፣ ትጠየቁበታላችሁ» ያለን የለም።
ወሬው ነው ኋላ፣ አርፍዶ እንደ መጣ የሌሊት ዘበኛ፣
የእጅ ባትሪውን ይዞ የተመለሰ፣
አንድ በአንድ ፊታችን ላይ ያበራ፦
አንተ እዚህ ነበርክ። አንቺ እዚያ። አንሶላው እዚያ።

ከዚያ የእኔ ተራ ይመጣል።
«ትምህርት ቤት» እላለሁ፣ «ኮሪደሩ ላይ ሰልፍ፣
ነርሷ አዮዲኑን በብርጭቆ ስታድል፤
ቡናማ ነው፣ ዝገት ዝገት ይላል፣
ልጆቹ ሲያለቅሱ እኔ እንደ ወንድ፣ በአንድ ትንፋሽ ግጥም!»
ይስቃሉ። ያጨበጭባሉ።
ዶሮታ ዳቦውን ወደ እኔ ትገፋለች፣ ቀና ሳትል።

ከኋላዬ የነበረችው እሷ ናት፣ የሰባት ዓመት ልጅ፤
ጉንጬ እንደ ተነፋ መስኮቱ ጋ ስደርስ አይታለች፣
ጄራኒየሙ ሥር ስተፋው አይታለች፣
ከዚያ ዞራ የራሷን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣች።

ዛሬ አንገቷ ላይ፣ ከሻርፑ በታች፣ ክር የምታህል ጠባሳ አለች።
«ከዚያ ይሁን ከሌላ፣ ማንም መናገር አይችልም» አላት ሐኪሙ።
የጠጣችው እሷ። ደህናው እኔ።
ይህን ሒሳብ በየትኛው ጣት እንደሚቆጥሩት አላውቅም።

ዘንድሮ ጨዋታዬን ስጨርስ፣ ጭብጨባው ሳይበርድ፣
ዳቦውን አልገፋችም። «አበባውስ?» አለች።
«የቱ አበባ?» ግራዢና ናት።
ቤቱ እንደ ጉድጓድ ጸጥ አለ።
ነገርኳቸው። ጉንጬን፣ መስኮቱን፣ አፈሩ ቡናማውን እንዴት እንደ ዋጠው፣
ይደርቃል ብዬ እስከ ዕረፍት ድረስ በየቀኑ እንደ ጎበኘሁት፣
እሱ ግን እንዳበበ፣ እንደ ቀላ፣ ሐፍረት የማያውቅ።
ዶሮታ ሳቀች፣ ሻርፑን ፈታ አደረገች፣
እጇ ጠረጴዛው ላይ፣ ከእጄ አንድ ስንዝር ርቆ፣ ቆየ።

አጎቴ ባዶዋን መለኪያ አዟዟራት።
«ዝናቡ ግን» አለ፣ «ዝናቡ ነበር።»