ምት ቆጠራ

በጀራልዲንግ ሜዳ ሣር የሚባል የለም፤
ሰማዩም እንደ እኛ ዕዳውን አይከፍልም።
አሸዋ ነው ያለን፣
በአሮጌ የትራክተር ዘይት ለውሰን
በየጉድጓዱ ዙሪያ የደለደልነው፤
ይህ ጎልፍ ከተባለ፣ የኛ ጎልፍ ይኸው ነው።

እኔ ክላይቭ እባላለሁ፤ ስንዴ አብቃይ፣
ባንክ ቢጠራኝ የማልቆጣ፣
ደመና ቢያልፈኝ የማልቆጣ፣
ለሚስቴ ዝምታ አንድ ቃል የማላወጣ፣
ሳምንት ሙሉ የዋጥኩትን
ቅዳሜ ከሰዓት በነጭ ኳስ የማወጣ።

አራተኛው ጉድጓድ ላይ ኳሴ ቀኝ ታጠፈች፣
ከባሕር ዛፎቹ ሥር ገብታ ተሸሸገች።
ሌላ ሰደድኩ፤
መሬት ጫረችና እግሬ ሥር ቀረች።
ሦስተኛዋን ሰደድኩ፤ ይቺስ ተሳካላት፤
መሐል ሜዳ አርፋ፣ ፀሐይ ሲመታት፣
ቁራ ወርዶ አነሣት።

"እንቁላል መስላው ነው" አለች ቤሪል ኩምስ።
የሰደድኳት አልመለስ፣ የወሰዳት አልመለስ፤
ከጥፋት ውሃ ወዲህ ቁራ መልእክት ሲያደርስ
ማን አየ?

ንዴት ከመንደድ ነው፣ እሳት ነው ሥሩ፤
እኛ ደግሞ እናውቀዋለን፣ ሲዘልል ከአጥር አጥሩ፣
ከማጨጃው ጥርስ አንዲት ብልጭታ ስትወድቅ፣
ገለባው የማን እንደሆነ ሳትጠይቅ።
ሰባት ቁጥር ዱላዬን በሁለት እጄ አሽከርክሬ
ወረወርኩ።
ዱላው በአየር ላይ ዞረ፣ ዞረ፤
ያን ቀን ከሰደድኩት ሁሉ
ቀጥ ብሎ የሄደ እሱ ብቻ ነበረ፤
ከባሕር ዛፉ ቅርንጫፍ፣ ሦስት ሜትር ላይ፣
ተሰቀለና ቀረ።

ቤሪል ሰባ አራት ዓመቷ፣ ዱላዋ ሦስት ብቻ፣
አንዱ ጉልበቷ አጥንት፣ ሌላው የብረት አቻ።
አልሳቀች። አልመከረች። "ተረጋጋ" አላለች።
ሌላ ኳስ ጥዬ፣ አሸዋው ላይ አራት ጊዜ ነካክቼ ሳበቃ
መጥረጊያውን ይዛ ወደ ጉድጓዱ ሄደች።
ከመሐል ጀምራ፣ ክብ በክብ፣ ወደ ውጭ፣
የጫማዬን ዱካ፣ የኳሴን ጭረት፣
ሁሉንም አለሰለሰች።
እጀታውን ሰጠችኝና፣
"አምስተኛውን አንተ ጥረግ" ብቻ አለችኝ።

ጠረግኩ።
ስድስተኛውንም ጠረግኩ።
ጨዋታዬ እንደሁ አልተሻለም፤
ኳሷ እንደ አመለኛ በሬ ቀኝ መሳቡን አልተወችም።
ብቻ በጠረግኩ ቁጥር ትከሻዬ ትንሽ ይወርዳል፤
ከኋላዬ የሚመጣው፣ ማንም ይሁን ማን፣
የእኔን ጭረት አያይም።

ዘጠነኛው ላይ ደረስኩ፤ አንድ ክንድ ቀራት፤
ዓይኑን የጨፈነ ሕፃን የሚያስገባት።
መከራው እዚህ ነው!
ሩቅ ላይማ ነፋስ አለ፣ ዛፍ አለ፣ ቁራ አለ፤
አንድ ክንድ ላይ ግን ከራሴ በቀር ማን አለ?
ባንኩ መጣ።
ደመናው መጣ።
ልጄ በስልክ "አባዬ፣ ሽጠው" ያለኝም መጣ።
ጆሮዬ ውስጥ ሰማሁ፦ ምት፣ ምት፣ ምት፤
የልብ ይሁን የዱላ፣ ስሙ አንድ ነው፣ ምት።
ዝም በል አላልኩትም፤ ቆሜ ቆጠርኩት።
ከዚያ መታሁ።

ኳሷ የጉድጓዱን ከንፈር ስማ፣
ዞራ ወጣች።

ቤሪል እርሳሷን ከጆሮዋ ሥር አወረደች።
"ስንት?"
ያለፈው ቅዳሜ ቢሆን "ስድስት" እል ነበር፣ ዓይኗን ሳላይ።
"ዘጠኝ" አልኩ።
ጻፈች። ካርዱን አጥፋ ኪሷ ከተተች።
"መሰላል አለህ?" አለችኝ ቀጥላ፣
አገጯን ወደ አራተኛው ዛፍ ቀስራ።
"አለኝ።"
"ነገ አምጣው፣ ከታች እይዝልሃለሁ።"

ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ቀና ብዬ አየሁ፤
ቁራው የዱላዬ እጀታ ላይ ተቀምጦ ነበር፣
አፉ ባዶ፤
ኳሴን የት እንዳኖራት አይናገር።