ማሳ

ካምቢዮው ገብቷል፤ ሦስት ቀን ፈጀብኝ።
ከራምላ፣ ከውዳቂ መኪኖች መሃል መርጬ ገዛሁት፤
በክሪክ አንሥቼ፣ በደረቴ ገፍቼ፣
ከሞተሩ ወገብ አገናኘሁት፤
ቡሎን በቡሎኑ ዙሪያውን አስሬ፣
ዘይቱን እስከ ልኩ አጠጣሁት።
ዛሬ ዓርብ ነው። ቁልፉን ባዞረው፣
ቀጭ።
ደግሜ ባዞረው፣
ቀጭ፤ ከዚያ ዝም።

የቅርያት መላኪ የጋራዦች መንደር
ዓርብ ከቀትር ወዲያ አይከፈትም በሩ፤
ኒሲም ሰዓት ያያል፣ ቁልፎች ያንቃጭላል፤
የጎረቤት መዶሻዎች አንድ በአንድ ጸጥ አሉ።
ኦሬን ታብሌቱን ሰክቶ ያነባል፤
"ስህተት የለም፣ ሁሉም ንጹሕ ነው" ይላል።
ንጹሕ!
ጽዳቷን ምን ላድርገው፣ ካልተነሣች?

ባትሪው፦ አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት። ደህና።
መብራቷ ይበራል፣ ጥሩምባዋም ይጮሃል።
ማርሹን ከፒ ወደ ኤን ብወስደው፣ ያው ቀጭ።
ቀጭ ካለች ትእዛዙ ደርሷታል ማለት ነው፤
ትእዛዝ ሰምቶ እጁን የሚያጥፍ፣ ይሄ ምን ዓይነት ሎሌ ነው?
ሞተሪኖውን በመዶሻ እጀታ ኳ ኳ አደረግሁት፤
ክራንኩን በትልቁ መፍቻ በእጄ አዞርኩት፤
ይዞራል፣ አልተጣበቀም፤
ታዲያ ምን ያዘው?
የራምላውን ሻጭ ረገምኩት፣ ከነመጋዘኑ፣
ከዚያ ማዝዳን የፈጠረውን፣
ከዚያ ይችን ፀሐይ።

አዘዞ ላይ ሙያ ያስተማረኝ ጋሽ ደምለው፣
አንድ ዓይኑን የባትሪ አሲድ የበላው፣
"መኪና እምቢ ሲልህ" ይል ነበር፣
"መጀመሪያ ጠርጥር መጨረሻ የነካውን እጅ፤
ሌላውን በኋላ ትደርስበታለህ።"
እኔ ግን እጄን እወደዋለሁ።

እንደገና ሥሯ ገባሁ። ኦሬን ቁልፉን ያዘ።
"አስነሣ!" አልኩት። ቀጭ።
የማርሹን ገመድ ድንገት ብነካው፣
ፈጀኝ።

ገመድ ነው፤ መሳቢያ ብቻ፤ ከእሳት ምን አገባው?
ኮረንቲው ከባትሪው ወጥቶ፣ ሞተሪኖው ድረስ ደርሶ፣
መመለሻ አጥቷል፤
በዚች በቀጭኗ ልሹለክ ብሎ ነው
እንዲህ ያጋላት።

ቀና ስል አየሁት፤ ከባትሪው ጀርባ
የመዳብ ጉንጉን፣ እንደተፈታ ሹሩባ
ተንጠልጥሏል፣ ሞተሩን ሳይነካ።
ቡሎኑስ?
ማክሰኞ ዕለት ከሣህኑ ሥር አይቼ፣
"ትርፍ ነው" ብዬ በእግሬ የገፋሁት እሱ ኖሯል ለካ።

ማሳ ነው የምንለው።
ጋሽ ደምለው ከጣሊያን መካኒኮች የወረሰው ቃል፤
ኦሬን በእብራይስጥ ሌላ ስም ያውቅለታል፣
የኔ እጅ ግን የተማረው በዚያኛው ነው።

ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁ፣ ጉንጉኑን አሰርኩ።
ኦሬን ቁልፉን አዞረ።
ተነሣች!
ቆርቆሮው ላይ ያረፉት ርግቦችም አብረው ተነሡ።

ትርንጎ መጣች፣ የሆስፒታል ጫማዋን እንዳደረገች።
"ምን ሆና ነው?"
"ማሳዋን ረስቼባት።"
ሳቀች፤ በሩን ተደግፋ ሳቀች።
"አይ አንተ! አባቴ ማረሻ ሲቀጠቅጥ ኖሮ፣
ያገር ገበሬ ሁሉ በእሱ ብረት ሲያርስ፣
እሱ አንድ ጥማድ ማሳ ሳይኖረው ሞተ፤
አንተ የተሰጠህን በእግርህ ትገፋለህ?"

ምን እላለሁ።
ሂሳብ ጻፍኩ፦ ካምቢዮ፣ ዘይት፣ የሦስት ቀን ጉልበት።
የዛሬውን ዘለልኩት። ኒሲም አይቶ ዝም አለ።
የሰንበት ጥሩምባ ሊነፋ ጥቂት ቀርቶታል፤
ትርንጎ ሞተሩን ሳታጠፋ፣ በመስኮት ብቅ ብላ፣
"እስቲ" አለችኝ፣ "ያችን ማሳ ደግመህ አጥብቃት።"

መፍቻዬን አንሥቼ ተመለስኩ።