ወራጅ አለ

ሠላሳ አንድ ዓመት ዞርኩህ፣ ጊዮርጊስ፣ በአውቶቡስ፣
አንድ እጄ መሪ ላይ፣ አንድ እጄ ሲያማትብ፣ ስሄድ ስመለስ።
ከኋላዬ ሰው ሞልቶ፣ ቆሞ ተጣብቆ፣
ስሙን ሳልጠይቀው ይወርድ ነበር፣ ይሄድ ነበር ርቆ።
ሕዝቡን የማውቀው በመስታወት ነው፤
ግንባር፣ ሻሽ፣ ባርኔጣ፣ ያንቀላፋ ዓይን፣ ይኸው።
"ዙረት ከሆነ ጽድቁ" እል ነበር ለቀልድ፣
"ማን ይቀድመኛል እኔን፣ ገነት የሚሄድ?"

ከዚያ ጡረታ ወጣሁ። የውብዳር ሞተች። ቤቱ ዝም አለ።
ሌሊት በአሥራ አንድ ሰዓት እግሬ ፍሬን ሲፈልግ ብርድ ልብሱ ውስጥ ዘለለ።
አንድ ቀን ተነሥቼ፣ መሪ ባልያዘ እጄ አማትቤ ተሳልኩ፤
ከደብረ ሊባኖስ እስከ ደጅህ፣ በእግሬ፣ ላልሳፈር ማልኩ።
ሰው ከከተማ ወጥቶ ነው ገዳም የሚሳለም፤
እኔ ከገዳም ወደ ፒያሳ! የሰማኝ ሁሉ አላመነም።

ብቻዬን ነበር የወጣሁት።
ሙከጡሪ ላይ ይመናሹ ደረሰችብኝ፣ ጉልበቷን በመቀነት አስራ፤
ጫንጮ ላይ ቶለሳ፣ ልጁ የዳነለት፣
የስለት ጧፉን እንደ ጨቅላ አቅፎ፣ ለጧፉ እያወራ፤
ሱሉልታ ላይ ጉልላት፣ ስሙን ብቻ ሰጥቶ አፉን የዘጋብን፣
ስለምን እንደሚሄድ ያልጠየቅነው፣ እሱም ያልነገረን።

ከፊት መሆን ለምዶብኛል፤ ሹፌር አይደለሁ?
ይመናሹ ጠራችኝ፦ "ወንድሜ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ጀርባህን አየሁ።
ፊትም አለህ መሰለኝ። ና ወደዚህ፣ ጎን ለጎን።"
አፍሬ ቆምኩ። ከዚያ ወዲያ አንድ መስመር ሆንን፣
መኪና ሲመጣ ብቻ እየተበተንን።

አዲሱ ገበያ አናት ላይ ከተማው ቁልቁል ሲታየን፣
"ይህ ሁሉ ሰው የት ያድራል?" አለ ቶለሳ፤ ማናችንም አልመለስን።
ሰሜን ማዘጋጃ ስንደርስ ካልሲዬ በደም ርሷል።
"ጊዮርጊስ! ጊዮርጊስ! ሁለት ሰው ቀረኝ!" ይጮኻል
የታክሲው ረዳት፣ በሩን ይዞ፣ እያየን በኀዘን።
"አራት ነን" አለች ይመናሹ። "አንከፍልም፣ አንከፈልም። ሂድ ልጄ፣ ቅደመን።"

ደጁ ጋ አንድ ሊስትሮ ጫማዬን አየና ብሩሹን አስቀመጠ፤
"ይኼ አይጠረግም፣ አባባ፤ ይውለቅ" አለና ቢጫ ጀሪካኑን ገለበጠ።
ለቀኑ ሥራ የለካው ውኃ ቁስሌ ላይ ወረደ።
ሳሙናው ሲያቃጥለኝ እንደ ሕፃን ጮኽኩ፤
እሱ ግን አልተጣደፈም።
ላምቤቦ ነው ስሙ፤ ከሆሳዕና የመጣ ነው።
"እኔ እንኳ ጴንጤ ነኝ" አለ እየሳቀ፤ "ግን እግር እግር ነው።"
የእኔን፣ የይመናሹን፣ የቶለሳን። ጉልላት ተራው ሲደርስ
እግሩን ሰበሰበ፤ ጀሪካኑን ከልጁ እጅ ወሰደ፤ ቀስ
ብሎ፣ ከሱሉልታ ጀምሮ የመጀመሪያ ቃሉን፣
"አንተስ?" አለው። በቀረው ውኃ የላምቤቦን እግር አጠበ፣ ሁለቱን።

"ሂሳብ ስንት ነው?" አልኩ።
"የፈሰሰ ውኃ ይታፈሳል እንዴ?" አለኝ።

ከዚያ ዞርንህ። በእግር። ሦስት ዙር።
ቶለሳ ጧፉን ሲለኩስ ለካ መሐሉ ተሰብሯል፣
ክሩ ብቻ ነው የያዘው፤ እሱም ይበራል።
የተረፈችንን በሶ በአንድ ኩባያ በጠበጥን፣
ላምቤቦን ጠራነው፤ በየተራ ጠጣን።

ሰላም ዝምታ ይመስለኝ ነበር። ፒያሳ ግን ዝም አላለም፤
ጡሩምባው፣ መዶሻው፣ የፈረሰ ቤት አቧራ፣ ሎተሪ አዟሪው፣ ማንም አላቆመም።
እኔ ነኝ የቆምኩት።
አውቶቡሱ አደባባዩን ሲዞር አየሁት፣ ሹፌሩ በአንድ እጁ ሲያማትብ።
"ወራጅ አለ" አልኩት ከማዶ፣ ቀስ ብዬ፣ ባይሰማኝም።

ይመናሹ አጥሩን ተደግፋ አንቀላፋች፣ ራሷ ትከሻዬ ላይ ወድቆ።
ዞር ብዬ አየኋት።
ያለ መስታወት።