ሁለት ዛፍ

ሐይቅ ከተማ ዳር፣ ከዋንዛው ሥር ያለው
የእትዬ ስንዱ ወፍጮ፣ የእንጀራዬ ቤት ነው።
እኔ አራጋው ነኝ፣ ድንጋይ እወቅራለሁ፣
ጥርሱ ላለቀ ድንጋይ፣ ጥርስ አበቅላለሁ፤
ከመዶሻና ከመሮ፣ ሌላ ምን አውቃለሁ?

ይመር ግን ምንድን ነው? እስኪ ማን ይለየው?
ልብስ ሰፊ ነው ሲባል፣ ሌላው ዓሣ ሲሸጥ አየው።
ደሴ ሦስት ዓመት፣ በሲንጀር ሲቀመቅም፣
ሐይቁ ላይ ሁለት ክረምት፣ መረብ ሲጥል ሲለቅም፣
ከዚያ ጆንያ ተሸካሚ፣ ከዚያ ዱቄት ሰፋሪ፣
ጣሪያ ሲያፈስ ወጪ፣ ሰው ሲጣላ መካሪ።

"ሁለት እግር አለኝ ብሎ፣ ሁለት ዛፍ አይወጣም"
እለዋለሁ በየቀኑ፤ እሱም አይቆጣም።
"እኔ ዛፍ መች ወጣሁ፣ አራጋው?" ይለኛል፣
"ጥላ ስፈልግ ነው፣ ሁሉም ዛፍ ያውቀኛል።"

እሱ ባለበት ደግሞ፣ ማንም ሥራው ላይ አይረጋም፤
ሉባባን፣ ገንዘብ ስትቆጥር፣
"ነይ ሞተሩን ስሚው፣ ሳሉን ከሳቁ ለይ" ብሎ ይጠራታል፤
ፈንታውን ከጆንያው ነጥቆ፣ "ጻፍ እስቲ" ይለዋል።
እኔንም አንድ ቀን፣ "ና ቺንጋ ላሳይህ"፤
"ልቤ መሮዬ ላይ ነው" አልኩት፣ "ተወኝ እባክህ።"

የነሐሴ ሌሊት ነው።
ለነገ ሰደቃ፣ ስምንት ኩንታል ጤፍ
ተደርድሮ ቆሟል፣ ከሚዛን እስከ ደፍ።
"ጧ!" አለ። ቺንጋው ነው። ሁለት ሆነ በቅጽበት።
ውጭው ዝናብ ብቻ፣ ውስጡ ዝምታ ሞላበት።
መካኒኩ ኮምቦልቻ ነው፤ መንገዱን ጎርፍ ዘግቶታል፤
እትዬ ስንዱ ደሴ፣ ሆስፒታል ከገባች ሦስት ቀን ሆኗል።
መሮና መዶሻዬን፣ ይዤ እንደ ግንብ ቆሜ ነበር፤
ድንጋዬ ጤነኛ፣ የተበላሸው ሌላ ነገር።

ይመር ቁጭ አለና፣ ቺንጋውን ዘረጋ፤
ኪሱን ፈተሸ፤ ወስፌ አወጣ፤ ወጋ።
ክሩ የዓሣ መረብ፣ በሰም የታሸ ሲባጎ፤
ስፌቱ የኮት እጅጌ፣ እጥፍ እጥፍ አድርጎ።
ደሴ የተማረውን፣ ሐይቁ ባቀበለው ክር፣
ወፍጮ ቤት ውስጥ ሰፋው፣ ሦስት ዕድሜው ሲመካከር።

"ሉባባ!" አለ ቀጥሎ። ሣንቲሙን ትታ መጣች፤
ሻሿን አጥብቃ ቋጥራ፣ የሞተሩን እጀታ አዞረች።
ሞተሩ ሳለ። ቆየች። "ይሄ ሳል ነው" አለች፤
የናፍጣውን ቧንቧ ጠበቅ አድርጋ፣ ሳቁን ጠበቀች።
ሳቀ።
ፈንታው እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ፣ ኩንታል ይመዘግባል፤
ቁጥሩ እንደ ጫማው ጠማማ ነው፣ ግን ይነበባል።

እኔን "ፋኖስ ያዝ" አሉኝ። ያዝኩ። እሱም ሙያ ነው ለካ፤
ብርሃኔ ከስፌቱ ራቀ፣ ጥላዬ ወስፌውን ነካ።
ሠላሳ ዓመት ድንጋይ ያሸነፈ ክንድ፣
ተንቀጠቀጠ እንደ ደንገል፣ ሲመታው የሐይቁ ብርድ።
ማንም አልሳቀብኝም። ይህ ነው የከበደኝ።
ይመር ብቻ "ክንድህን ጉልበትህ ላይ አሳርፍ" አለኝ።

ጎህ ሲቀድ፣ የመጨረሻው ጆንያ አፉ ታሰረ፤
ከሰደቃው ቤት የመጣ አህያ፣ ከደጅ ቆሞ ነበረ።

ውሸት አልጨምርም፦ ቺንጋው በሦስተኛው ቀን ተበጠሰ፤
መካኒኩም ስፌቱን አይቶ፣ ከንፈሩን ነከሰ።
"ይሄ ሥራ አይደለም" አለ። ልክ ነው። እሱ ያውቃል።
ግን ያን ሌሊት የት ነበር? ማወቅም መገኘት ይፈልጋል።

ተረቱ እውነት ነው፤ ሁለት ዛፍ አይወጣም።
ግን ስለ ዛፍ ነው ያወራው፤ ስለ ጎርፍ ቃል አላመጣም።
ውሃው ሲሞላ፣ "የማን ዛፍ ነው?" ብሎ ማን ይጠይቃል?
ቅርንጫፍ የሚያቀብል፣ እጅ ብቻ ይናፈቃል።

ዛሬም ድንጋይ እወቅራለሁ። በዚያ አልደራደርም፤
ከእኔ በቀር ያን ጥርስ፣ ማንም አያበቅልም።
ማታ ግን፣ ሉባባ ሞተሩን ስታጠፋ፣
ይመር አጠገብ ቁጭ እላለሁ፣ አሮጌ ቺንጋ ልሰፋ።
ስፌቴ ጠማማ ነው። ወስፌው ይወጋኛል።
"ሁለተኛው ዛፍ እንዴት ነው?" ይመር ይጠይቀኛል።
"ገና ሥሩ ላይ ነኝ" እለዋለሁ፤ "ጥላው ግን ይደርሰኛል።"