ሃያ ሁለተኛው በር

ሌሊት ስድስት ሰዓት፣ ደብረ ብርሃን ቤቴ፣
ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ላፕቶፕ አስደግፌ ከጉልበቴ፣
ከጣርማ በር ማዶ፣ ቁልቁል ደብረ ሲና፣
የሆስፒታሉን ሰርቨር፣ በሃያ ሁለት ቁጥር በር ገባሁና፣
«ጆሮውን አቁሞ የሚያዳምጥ ማነው?» ብዬ ብጠይቀው፣
ዘረዘረልኝ፤ ግማሹን እኔም አላውቀው።

ፕሪንተር የሌለው የፕሪንተር አገልግሎት፣
ፋይል መቀበያው ወለል ያለ፣ አቶ ደምረው ከፍተውት፣
ቴልኔት እንኳ አለ፣ ሃያ ሦስት ቁጥር ላይ፣
ምስጢር የማያውቅ፣ የይለፍ ቃል ለመንገደኛ የሚያሳይ።
አቶ ደምረው ራሳቸው ጡረታ ወጥተው ሞላሌ ገብተዋል፤
ስማቸው ግን እዚያው ነው፣ ከነሩት ሥልጣን፤ ግንዱ ሄዶ ስሩ ቀርቷል።

ነቀልኩት።
ሃያ ሦስት ዝጋ፣ ሃያ አንድ ዝጋ፣ ስድስት መቶ ሠላሳ አንድ፤
ሌባው እንቅልፍ ግን አገኘ ያልዘጋሁትን መንገድ።
«ሁሉንም ከልክል» አልኩና የመጨረሻውን ቁልፍ ነካሁ፤
የራሴን በር፣ ሃያ ሁለትን፣ «ፍቀድ» ማለቱን ረሳሁ።

ጠቋሚዋ ቀጥ አለች። አትመታ፣ አትላወስ።
ፋየርዎል ቃሌን ሰምቷል፤ የሰማውን አይመልስ።
እመቤቱን ከነጋቢዋ ውጭ ያሳደረ እልፍኝ አስከልካይ፣
«እኔ ነኝ» ቢሉት የማይሰማ፣ የሰው ፊት የማያይ።

ጠዋት አሥራ ሁለት ላይ ሚኒባስ። ጣርማ በር ጉም ለብሷል፤
ሾፌሩ መብራት አብርቶ፣ በጥሩምባ መንገድ ይዳስሳል።
ረዳቱ «ዋሻ ነው፣ መስኮት!» ሲል መስኮቱ ሁሉ ተዘጋ፤
ሳቄ መጣ። ለእኔስ እንኳ፣ ስዘጋ ነው የነጋ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ጋሽ ወንድይፍራው፣ ዱላቸውን ተደግፈው፣
«መታወቂያ?» አሉኝ። ቦርሳዬን በረበርኩ፤ ቤት ነው ያለው።
«ስምሽም ዝርዝሩ ላይ የለም።» «ጋሼ፣ እኔ እኮ…»
«አውቅሻለሁ ልጄ፤ ወረቀቱ ግን አያውቅሽም እኮ።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።
አንድ እፍኝ ቆሎ ሰጡኝ፤ የሌሊቱን አጫወትኩ።
ሳቁና፦ «እኔ ማታ በር ስቆልፍ፣ መጀመሪያ የማደርገው፣
ከየትኛው ወገን እንደቆምኩ ነው የማየው።»

ሦስት ሰዓት ላይ ሜትሮኗ መጥታ «የኛ ናት» ብላ አስገባችኝ፤
የሰርቨሩ ክፍል ሙቀት፣ አቧራው አስነጠሰኝ።
ኪቦርድ ሰካሁ። ከክልከላው በላይ አንድ መስመር፦
ሃያ ሁለትን ፍቀድ፣ በቁልፍ ብቻ።
ከጎኑ፣ ማሽኑ ዘሎት የሚያልፍ፣ ለሰው የተጻፈ፦
«ከመዝጋትሽ በፊት የቆምሽበትን እይ። — ወንድይፍራው።»

ስወጣ፣ እሳቸው መዝገቡን ዘርግተው፣ «ፈርሚ» ተባለ፤
መውጫዬን ሞላሁ። በመግቢያው በኩል ስሜ የለ።